ወንበሩ ባዶ እንዳይቀር፦ ስለ ዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች ተወካይ ምርጫ

(በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር። ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት ሙሉው ተለጥፏል።)



 ዓመተ ምሕረት በጠራን ቁጥር የአውሮፓውን ማለታችን ነው፤ የእኛን አቆጣጠር ስንጠቅስ እንናገራለን።

ዛሬ የሰበሰብናችሁ ስለ አንድ ወንበር ለመነጋገር ነው። በከተማችን በአሌክሳንድርያ ለብዙ ዓመታት የኖረ የኢኮኖሚ ዕድሎች ኮሚሽን የሚባል አካል አለ። ሥራው በከተማው ውስጥ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ሰዎች ምን እንደሚቸግራቸው ማጥናት፣ ለዚሁ የሚመጣው ገንዘብ በምን ላይ ቢውል እንደሚሻል መምከር፣ የተሠራውም ሥራ ፍሬ ማፍራቱን መከታተል ነው። የከተማ ኮሚሽኖች ብዙ ናቸው። ይህኛው ግን ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ነገር አለው፤ ከወንበሮቹ ውስጥ የተወሰኑት በሕግ ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች ተወካዮች የተቀመጡ ናቸው። ማለትም ለእኛ። ሰው ካልቀረበ ግን ወንበሩ ወይ ባዶ ይቀመጣል፣ ወይ ሰፈራችንን በመኪና ሲያልፍ ብቻ የሚያየው ሰው ይቀመጥበታል።

ይህ ወንበር ከየት መጣ? እስቲ ታሪኩን ባጭሩ እንንገራችሁ፤ የማን ንብረት መሆኑን ያላወቀ ሰው አይጠይቅምና።

በነሐሴ ወር 1964 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በድህነት ላይ ጦርነት ብለው የጀመሩት ዘመቻ ሕግ ሆኖ ወጣ። በዚያ ሕግ ውስጥ አንድ ያልተለመደ ቃል ገባ። እርዳታ የሚሰጣቸው ሰዎችና የየሰፈሩ ነዋሪዎች በሥራው ውስጥ በተቻለ መጠን ሁሉ ተካፋይ ይሁኑ የሚል ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ልማድ ሌላ ነበር፤ ባለሙያው ያጠናል፣ ባለሥልጣኑ ይወስናል፣ ደሃው ተሰልፎ ይቀበላል። አባቶቻችን «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ይላሉ። ሕጉም በራሱ ቋንቋ ያለው ይህንኑ ነው፤ ችግሩን የሚያውቀው ባለ ችግሩ ነው፣ ስለዚህ ይጠየቅ፣ ይቀመጥ፣ ድምፅ ይስጥ።

ቃሉ ግን ብዙ ጭቅጭቅ አመጣ። የየከተማው ሹማምንት «ድሆች በፌዴራል ገንዘብ ተደራጅተው እኛኑ ሊከሱን ነው ወይ?» ብለው ተቆጡ። ስለዚህ ምክር ቤቱ በ1966 ዓ.ም. ሕጉን አሻሽሎ ከቦርዱ አባላት ቢያንስ አንድ ሦስተኛው የድሆች ተወካዮች ይሁኑ ሲል ደነገገ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተመራጮች ድርሻ እንዲኖራቸው፣ የከተማና የካውንቲ መስተዳድሮችም ሥራውን ራሳቸው መያዝ እንዲችሉ ተደረገ። ዛሬ ድረስ የሚሠራበት የሦስት ወገን ቦርድ የተወለደው እንዲህ ነው። አንዱ ወገን የሕዝብ ተመራጮች ወይም እነሱ የወከሏቸው፣ ሁለተኛው የዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች ተወካዮች፣ ሦስተኛው የንግድ፣ የሠራተኛ፣ የሃይማኖት፣ የትምህርትና የመሳሰሉት ድርጅቶች ናቸው።

በ1981 ዓ.ም. የቀድሞው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ተዘግቶ ገንዘቡ በየክፍለ ግዛቱ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። በ1998 ዓ.ም. ሕጉ እንደገና ሲታደስም የድሆች ወንበር አልተነካም። በሥራ ላይ ያለው ቃል እንዲህ ይላል፦ ከአባላቱ ከአንድ ሦስተኛ የማያንሱት በዴሞክራሲያዊ መንገድ የተመረጡ፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ሰዎችና ቤተሰቦች የሚወክሉ፣ በሚወክሉት ሰፈር ውስጥ የሚኖሩ፣ በዕቅዱም፣ በሥራውም፣ በግምገማውም በንቃት መሳተፍ የሚችሉ ይሁኑ። እንግዲህ ቦርዱ 15 ሰው ቢኖረው ቢያንስ 5ቱ፣ 21 ቢኖረው ቢያንስ 7ቱ የእኛ ናቸው ማለት ነው። ማንም በችሮታ የሰጠን ወንበር አይደለም። ሕግ ነው።

ስለ ገንዘቡም እናንሳ። በ2023 የበጀት ዓመት ለዚህ ሥራ ከፌዴራል መንግሥት የተመደበው ወደ 770 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር፤ ከዚህም እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ቢያንስ 90 በመቶውን ለየአካባቢው ድርጅቶች ማስተላለፍ አለበት። በመላ አገሪቱ ሲካፈል ለአንድ ከተማ የሚደርሰው እንደ ባሕር የሚታይ አይሆንም። ቢሆንም በምን ላይ እንደሚውል የሚመክር አካል አለ፤ እዚያ ላይ የተቀመጠ ሰው ይሰማል፤ ያልተቀመጠ አይሰማም።

አሁን ወደ አካባቢያችን እንመለስ። የምንኖርበት ክፍለ ግዛት ቨርጂኒያ ነው። በቨርጂኒያ ደሃ ሰው ድምፅ እንዲሰጥ የተፈቀደለት ትናንት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከ1902ቱ ሕገ መንግሥት ጀምሮ መራጭ ለመሆን በዓመት 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ግብር መክፈል ግዴታ ነበር፤ ያውም ከምርጫው በፊት የሦስት ዓመቱን አጠራቅሞ። ያን ጊዜ ለአንዲት የቤት ሠራተኛ ይህ ቀላል ገንዘብ አልነበረም፤ የታሰበውም ጥቁሮችና ድሆች እንዲቀሩ ነበር። ይህን ግብር በፍርድ ቤት የጣሉት ሰዎች ከሩቅ የመጡ አልነበሩም። አንዷ ወይዘሮ አኒ ሐርፐር ናቸው፤ ከእኛ ከተማ ጋር በሚዋሰነው በፌርፋክስ ካውንቲ ይኖሩ የነበሩ ጥቁር አሜሪካዊት። በስማቸው የሚጠራው ክስ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በመጋቢት ወር 1966 ዓ.ም. የሀብት መጠን ከመምረጥ መብት ጋር አይገናኝም ተብሎ ተፈረደ። ልብ በሉ፤ የድሆች ወንበር በሕግ የተወሰነውም በዚያው በ1966 ዓ.ም. ነው።

በራሳችን ከተማ ውስጥም ቢሆን ነዋሪው ዝም ብሎ አልኖረም። በነሐሴ ወር 1939 ዓ.ም. አምስት ጥቁር ወጣቶች ለነጮች ብቻ በተፈቀደው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ገብተው፣ መጽሐፍ አንሥተው፣ በጸጥታ ተቀምጠው ማንበብ ጀመሩ፤ ፖሊስም ይዞ አወጣቸው። ያደራጃቸው የዚሁ ከተማ ልጅ የሆነው ጠበቃ ሳሙኤል ታከር ነበር። በ1986 ዓ.ም. ደግሞ አርላንድሪያ በሚባለው ሰፈር ብዙ ተከራዮች ከቤታቸው ሊወጡ በተቃረቡ ጊዜ፣ አብዛኞቹ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ሰዎችና ጥቁር አሜሪካውያን ጎረቤቶቻቸው ኮሚቴ አቁመው ታገሉ፤ ከዚያም ትግል የተከራዮች የኅብረት ሥራ ቤቶች ተገኙ። እነዚያ ሰዎች እንግሊዝኛቸው ከእኛ የተሻለ ስለነበር አይደለም። ገንዘብም ስለነበራቸው አይደለም። ቁጭ ብለው ስለተማከሩና ስማቸውን ለማስጠራት ስላልፈሩ ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ጉዳይ እንግባ። ኮሚቴያችን ቤት ለቤት እየዞረ ሲጠይቅ ሰው ለምን እንደሚያመነታ ሰምቷል። የሰማነውን ሳንደብቅ እናቀርባለን፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምና።

አንደኛው ኀፍረት ነው። «የዝቅተኛ ገቢ ተወካይ ተብዬ ስሜ ሰሌዳ ላይ ከሚለጠፍ ቢቀርብኝ ይሻለኛል፤ የአገሬ ሰው ምን ይለኛል?» ያሉን አሉ። ነገሩ ይገባናል። እኛ ቤት ገመና ይሸፈናል፤ እንግዳ ሲመጣ ያለንን አቅርበን የሌለንን እንደብቃለን። ይህ ክብር ነው፤ አንነቅፈውም። ነገር ግን እስቲ በሐቅ እንነጋገር። እዚህ ከተቀመጥነው ውስጥ ሌሊት ታክሲ የሚነዳው፣ ሆቴል የሚያጸዳው፣ አረጋውያን የሚጦረው፣ ፓርኪንግ ላይ የሚቆመው፣ ሁለት ሥራ ደርቦ የሚሠራው ማነው? ይህ ሰው ሰነፍ ነው ወይ? ዝቅተኛ የሆነው ገቢው ነው እንጂ ሰውየው አይደለም። ደግሞም ሕጉ ተወካዩ ራሱ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ይሁን አይልም፤ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች የመረጡትና የሚወክላቸው ይሁን ነው የሚለው። ኮሚቴያችን ኑሮውን የሚኖረው ሰው ራሱ ቢቀመጥ ይመርጣል፤ ቢሆንም ስሙ ስለተጠራ ብቻ የማንም የደመወዝ ወረቀት አደባባይ አይወጣም።

ሁለተኛው ፍርሃት ነው። በተለይ በዕድሜ የገፉ ወላጆቻችን ስብሰባ፣ ተመራጭ፣ ስም ዝርዝር የሚባል ነገር ሲነሣ ቀበሌ ትዝ ይላቸዋል። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት በእኛ አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. በከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲቋቋሙ፣ ነዋሪው የራሱን ሰፈር ጉዳይ ራሱ ይመራል ተብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የጥበቃ ጓድ፣ መታወቂያ፣ አሰሳ። ያንን ያየ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። ይህ ኮሚሽን ግን ፖሊስ የለውም፣ እስር ቤት የለውም፣ ቤት አይሰጥም፣ ቤት አይነጥቅም። የሚመክር አካል ነው። ስብሰባውም በቨርጂኒያ ሕግ ክፍት ነው፤ ቀኑና ቦታው ቢያንስ ከሦስት የሥራ ቀን በፊት መነገር አለበት፤ ማንም ሰው ገብቶ ማዳመጥ፣ ድምፅ መቅረጽም ይችላል። የተጠራጠረ ሰው አንድ ቀን ሄዶ ከኋላ ተቀምጦ ይይ። ዝርዝር የሚያስፈራው ማን ምን እንደሚሠራበት በማይታወቅበት ጊዜ ነው።

ሦስተኛው የወረቀት ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ጆሮ ስጡን። «ዜጋ ካልሆንኩ እንዴት እመርጣለሁ?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ተነሥቷል። ለኮሚሽኑ የሚደረገው የተወካይ ምርጫና ለከንቲባ፣ ለገዢ፣ ለፕሬዚዳንት የሚደረገው ምርጫ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለ ቦርዱ የሚናገረው የፌዴራል ሕግ የሚጠይቀው በሰፈሩ መኖርንና በዴሞክራሲያዊ መንገድ መመረጥን ነው፤ ስለ ዜግነት አይናገርም። ዝርዝሩን የሚወስነው የኮሚሽኑ መተዳደሪያ ደንብ ስለሆነ ግን ግሪን ካርድ ወይም ጥገኝነት ያለው ሰው ወረቀት ከመሙላቱ በፊት ከጽሕፈት ቤቱ ጠይቆ ይረዳ። ኮሚቴውም አብሮ ይጠይቃል። በሌላ በኩል፣ ዜጋ ያልሆነ ሰው በመንግሥት ምርጫ መራጭነት ፈጽሞ እንዳይመዘገብ። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ዲኤምቪ ላይ «መራጭ ሆነህ ትመዘገባለህ ወይ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ዜጋ ካልሆናችሁ መልሱ «አይደለም» ነው። ዜጋ ሳይሆኑ መምረጥ አገር ለቅቆ እስከ መባረር ያደርሳል። ሁለቱን አታምታቱ፤ ልጆቻችሁንም አስጠንቅቁ።

አራተኛው ቋንቋ ነው። «እንግሊዝኛዬ ይሰበራል» ይላሉ። በ1964 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል መብት ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል አካል በትውልድ አገር ምክንያት ሰውን እንዳያገል ይከለክላል። የከተማችን ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚልኩትን ማስታወቂያ በአማርኛም ያወጣሉ፤ አስተርጓሚ መጠየቅ አዲስ ነገር አይደለም። ቀደም ብሎ መጠየቅ ነው እንጂ በስብሰባው ሰዓት «አልገባኝም» ማለት አይበቃም። ደግሞም ተወካይ የሚላከው ንግግር ሊያሳምር አይደለም። የአውቶቡሱ ሰዓት ከሌሊት ሥራ ጋር አለመገጣጠሙን፣ ልጅ ለማቆየት የሚከፈለው ከደመወዝ የሚበልጥበትን ቀን ለመናገር በተሰበረ እንግሊዝኛም ይቻላል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነትም ይቀራል ተብሏል።

አምስተኛውና የመጨረሻው «ምን ይለወጣል ብለህ ነው?» የሚለው ነው። በዚህ ላይ ልናታልላችሁ አንፈልግም። ይህ ወንበር ኪራይ አያወርድም። የአንድን ሰው ጉዳይ ይዞ ሄዶ አያስፈጽምም። ከተመረጠው ሰው ሥራ ወይም ቤት የሚጠብቅ ካለ ከአሁኑ ተስፋውን ይቁረጥ። ነገር ግን አንድ ምሳሌ እንስጣችሁ። የፌዴራሉ የድህነት መስመር በ2025 ዓ.ም. ለአራት ሰው ቤተሰብ 32,150 ዶላር ነበር። በወር ሲካፈል ወደ 2,680 ዶላር ማለት ነው። ይህ ቁጥር ከአላስካና ከሃዋይ በስተቀር በመላ አገሪቱ አንድ ነው፤ ኪራይ ርካሽ በሆነበት የደቡብ ገጠርም፣ እዚህ ከዋሽንግተን አፍንጫ ሥር ባለው ሰፈራችንም። የሰፈራችንን የሁለት መኝታ ቤት ኪራይ እናንተው ታውቁታላችሁ፤ ከ2,680ው ላይ ቀንሱና የቀረውን እዩት። ከመስመሩ ትንሽ ከፍ ያለ ሰው ደግሞ «አንተ ደሃ አይደለህም» ተብሎ ይመለሳል፤ ኪራይ ከፍሎ ግን ለወተት አይተርፈውም። እርዳታ የሚሰጡት ድርጅቶች የአካባቢያቸውን ችግር በየሦስት ዓመቱ ማጥናት ይጠበቅባቸዋል። ጥናቱ ሲዘጋጅ ይህን ነገር የሚያነሣ ሰው ከጠረጴዛው ላይ ከሌለ ቁጥሩ ብቻ ይናገራል፤ ቁጥሩ ደግሞ ስለ እኛ ሙሉውን አይናገርም።

ሰው ሳይወጣ ሲቀር የሚሆነውንም ታሪክ አሳይቶናል። በዘመቻው መጀመሪያ ላይ ትልልቅ ከተሞች የድሆችን ተወካዮች ሲያስመርጡ፣ በፊላደልፊያ በ1965 ዓ.ም. ከተፈቀደላቸው ውስጥ ድምፅ የሰጡት ከ100 ሰው 3 አይሞሉም ነበር። በሎስ አንጀለስ በ1966 ዓ.ም. ከ100 አንድ ሰው እንኳ አልሞላም። ተቃዋሚዎችም ወዲያው «አያችሁ? ድሆቹ ራሳቸው አልፈለጉትም» አሉ። ቀኑ አልተነገራቸው ይሆናል፣ ሥራ ላይ ነበሩ ይሆናል፣ አላመኑም ይሆናል፤ ያንን የሚጠይቅ አልነበረም። የተመዘገበው ቁጥሩ ነው። ነገር ግን ይህ ነገር ሁለት ፊት አለው። እንዲህ ባለ ምርጫ ላይ የሚወጣው ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ ከአንድ ሕንፃ 40 እና 50 ሰው ተነጋግሮ ከወጣ ውጤቱን ይወስናል። በፕሬዚዳንት ምርጫ የአንድ ሎቢ ሰው አይታወቅም፤ እዚህ ግን ይታወቃል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ተወካይ የሚመረጥበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። ከሚሠራባቸው መንገዶች ሦስቱን እንጥቀስ። አንደኛው ነዋሪው ወይም የአገልግሎቱ ተጠቃሚ በድምፅ መስጫ ወረቀት የሚመርጥበት ነው። ሁለተኛው በተጠራ የሰፈር ስብሰባ ላይ በድምፅ መምረጥ ነው። ሦስተኛው ደግሞ አብዛኞቹ አባላቱ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ማኅበር፣ ለምሳሌ የተከራዮች ማኅበር ወይም የሄድ ስታርት ወላጆች ምክር ቤት፣ ከመካከሉ መርጦ የሚልክበት ነው። በእኛ ከተማ የትኛው እንደሚሠራ ደንቡ ይወስናል። ደንቡ ሦስተኛውን የሚፈቅድ ከሆነ ማኅበራችን ራሱ ሰው መላክ ይችል እንደሆነ በጽሑፍ እንጠይቃለን።

ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው በር አለ። ሕጉ እያንዳንዱን ድርጅት የአቤቱታ ሥርዓት እንዲያቆም ያስገድዳል። ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው፣ የማኅበረሰብ ወይም የሃይማኖት ድርጅት «በቦርዱ ላይ በበቂ አልተወከልንም» ብሎ ካመነ በቂ ውክልና እንዲሰጠው ማመልከት ይችላል። ወንበሩ ባዶ ሆኖ ከከረመ ወይም እኛን የማያውቅ ሰው ከተቀመጠበት፣ ቡና ላይ ማማት ሳይሆን ማመልከቻ መጻፍ ይቻላል ማለት ነው።

አሁን ስለሚመረጠው ሰው። ምርጫን እኛ ከዚህ አልተማርንም። እድር ያቋቋመ ሕዝብ ምርጫ ያውቃል። የእድር ዳኛ ሲመረጥ ማን ይበልጥ ተማረ አይባልም፤ ማን ያዳምጣል፣ ማን ምሥጢር ይጠብቃል፣ ማን ተጠርቶ ይገኛል ነው የሚባለው። ገንዘብ ያዡ ደግሞ በየወሩ ቆሞ ይናገራል፤ ካልተናገረ ይወርዳል። ኮሚቴያችን ለዚህ ወንበርም መለኪያው ይኸው እንዲሆን ያሳስባል። አንደኛ፣ በሰፈሩ የሚኖርና ኑሮውን የሚያውቅ ይሁን። ሁለተኛ፣ በስብሰባው ቀን በሥራ ምክንያት የማይቀር፣ የሥራ ተራውን አስቀድሞ ማመቻቸት የሚችል ይሁን። ሦስተኛ፣ ከኮሚሽኑ በተመለሰ ቁጥር የሰማውንና የተናገረውን በዚህ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ ቃል ይግባ።

እዚህ ላይ አንድ ጎምዛዛ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ስም ሲጠቆም «የማን ወገን ነው? የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው? መስጊድ ይሄዳል ወይ? አገሩ የት ነው?» የሚለው ሹክሹክታ እንደሚጀምር እናውቃለን። ወንበሩ የሰፈሩ ነው እንጂ የአበሻ ወንበር አይደለም። በአንድ ሊፍት የምንወጣና የምንወርድ ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያን፣ አፍጋኖች፣ ሳልቫዶራውያን፣ ጥቁር አሜሪካውያን ነን። ማሞቂያው ሲበላሽ የሚበርደን እኩል ነው። ከእኛ መካከል ሰው ሲመረጥ የሁሉንም ችግር ይዞ ይሄዳል፤ ከእነሱ መካከል የተሻለ ሰው ከተገኘም ድምፃችንን ለእሱ እንሰጣለን። ሁለት የአገር ልጆች ተፎካክረው ድምፁን ቢከፍሉት የሚጎዳው ሰፈሩ ነው። ስለዚህ ከአንድ በላይ ፈቃደኛ ከተገኘ ከምርጫው ቀን በፊት እዚሁ ተነጋግረን አንዱን ዋና፣ ሌላውን ተተኪ እንዲያደርገን እንጠይቃለን።

የተመረጠውን ሰው ብቻውን አንተወውም። ሴት ብትሆን፣ ልጆችም ካሏት፣ በስብሰባው ማታ ልጆቿን የሚጠብቅ ጎረቤት ተራ ይያዝ። መኪና የሌለው ከሆነ የሚያደርሰው ይኑር። ወፍራም የእንግሊዝኛ ሰነድ ሲላክለት፣ ኮሌጅ የገቡ ልጆቻችን ቁጭ ብለው ያንብቡለት፣ ያስረዱት። አንድ እጅ አያጨበጭብም። እናቶች በመርዶና በሠርግ ጊዜ የምታሳዩትን ትብብር ሩቡን ለዚህ ብትሰጡን ይበቃናል።

ስለዚህ ኮሚቴያችን የሚከተለውን እንዲደረግ ያሳስባል፦

1ኛ/ እያንዳንዱ ፎቅ አንድ ሰው ይሰይም፤ የተሰየመው ሰው የምርጫው ቀን ሲታወቅ በር እያንኳኳ የሚናገር ይሆናል።

2ኛ/ ለመወዳደር ፈቃደኛ የሆነ፣ ወይም ጎረቤቱን የሚጠቁም፣ ስሙን ለጸሐፊው በቃልም ሆነ በወረቀት ያስታውቅ። የተጠቆመው ሰው ሳይፈቅድ ስሙ አይለጠፍም።

3ኛ/ ኮሚቴው የኮሚሽኑን መተዳደሪያ ደንብ ከከተማው ጽሕፈት ቤት ጠይቆ ያመጣል፤ ስለ መኖሪያ፣ ስለ ገቢ፣ ስለ ወረቀት ምን እንደሚል በአማርኛ ጽፎ ከዚህ ጎን ይለጥፋል።

4ኛ/ ከእጩዎች ምርጫ በፊት ቢያንስ አምስት ሰው በኮሚሽኑ ክፍት ስብሰባ ላይ ሄዶ ያዳምጥ፤ ያየውንም መጥቶ ይንገረን።

5ኛ/ ቀኑ በይፋ ሲነገር በዚሁ ሰሌዳ ይወጣል። በሰው ወሬ የሰማችሁትን ቀን አትመኑ፤ ሰሌዳውን እዩ።

የተከበራችሁ ጎረቤቶች፤

ልጆቻችን እዚህ አገር ያድጋሉ። በትምህርት ቤታቸው ስለ ዴሞክራሲ ይማራሉ፤ ወላጆቻቸው ግን ማታ ደክሟቸው ሲገቡና ሲተኙ ብቻ ነው የሚያዩት። አንድ ማታ እናታቸው ወይም አባታቸው የከተማው ሰዎች በተቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ እኩል ተቀምጠው ሲናገሩ ቢያዩ፣ ከብዙ ምክር የበለጠ ያስተምራቸዋል። ለዚህም የሚያስፈልገው አንድ ፈቃደኛ ሰው፣ ያንንም ሰው ደግፎ የሚቆም ሕንፃ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን መጠየቅ ትችላላችሁ። በሰው ፊት መጠየቅ የሚከብዳችሁም ከስብሰባው በኋላ የኮሚቴውን አባላት አነጋግሩ። ቡናው ተፈልቷል፤ እየጠጣን እንነጋገር።

በቸር ያገናኘን።

የነዋሪዎች ማኅበሩ ኮሚቴ